የብስራተ ገብርኤሉ ጓደኛዬ ሥዕል

ፊት ለፊት ሐቅ መናገር አልፈጠረብንም። አታምኑኝም? አንድ ቀን ወጥ አሳርራችሁ እንግዳ ጥሩ። «ኧረ እጅ ይባረክ! እንዴት ይጣፍጣል!» እየተባላችሁ፣ ያረረው ተጠርጎ እስኪያልቅ ድረስ ትመሰገናላችሁ። እንግዳው ደረጃውን ወርዶ ሳይጨርስ ግን ስለ ወጡ፣ ስለ ሽንኩርቱ፣ ከዚያም አልፎ ስለ አስተዳደጋችሁ ዝርዝር ዘገባ በስልክ መተላለፍ ይጀምራል። ስለ ራሳችንማ ጭራሽ አይነሣ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ግምገማ የሚባል ነገር አለ፤ ሰው ተነሥቶ በገዛ አፉ ራሱን እንዲወቅስ ይጠየቃል። እዚያ ቤት ከሰማሁት ሁሉ ትልቁ ኑዛዜ «ድክመቴ ሥራ ሳበዛ ለጤናዬ አለመጠንቀቄ ነው» የሚል ነበር። ተጨበጨበለት።

እንዲህ ባለ አገር ሠዓሊ መሆን ምን ማለት እንደሆነ እንግዲህ አስቡት። እኔ የምኖረው ለቡ መብራት ኃይል፣ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሥዕል ተምሬአለሁ፤ እንጀራዬ ግን የባነርና የቢዝነስ ካርድ ዲዛይን ነው፤ ለዓመታት «እንኳን ደስ አላችሁ» ከሚል ጽሑፍ ሌላ የሠራሁት የለም። በቅርቡ ሁለት የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ በጋራ ኤግዚቢሽን ልናሳይ ነው፣ አንተም አንድ ሥራ አምጣ አሉኝ። አንድ ብቻ። ዛሬም ሠዓሊ መሆኔን፣ ወይም የባነር ሰው ሆኜ መቅረቴን በዚያች አንድ ሥራ እንደማውቅ ለራሴ ነገርኩት። ፈርቼ ነበር፤ ምን አስዋሸኝ።

ሥዕሉ ዛፍ የለው፣ ሰው የለው፣ ይህ ነው የሚባል ነገር የለው። ሰፈራችን ግንባታ ተለይቶት አያውቅምና ከየሕንፃው ሥር የለቃቀምኩትን አቡጀዲ ላይ ለጠፍኩበት፤ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ ሽቦ፣ አሸዋ፣ በላዩ ላይ ቀለም። እኛ ባለሙያዎቹ «ሚክስድ ሚዲያ» እንለዋለን። ባለቤቴ ምሕረት «ቆሻሻው» ትለዋለች፤ በፍቅር ነው ታዲያ። ሥዕል ደግሞ የሚታየው ራቅ ብለው ነው። አንድ ቀን በራችን ላይ አቁሜው፣ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ አሁንም ትንሽ ወደ ኋላ እያልኩ ስገመግም ደረጃው መድረሱን ልብ አላልኩም። እግሬ ተሰበረ።

ጀሶ ተጠቅልሎልኝ ሳሎን ሶፋ ላይ ተጋደምኩ፤ ሥዕሉም ከፊቴ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ሰፈርተኛው ሊጠይቀኝ ይጎርፍ ጀመር። ብርቱካን መጣ፣ ሙዝ መጣ፣ «ሐኪሙን ተወውና ወጌሻ ጋ ሂድ» የሚል ምክርም መጣ። ለታመመ ሰው ደግሞ ክፉ ቃል ጨርሶ አይነገርም። ሁሉም ሥዕሉን እያየ «ያምራል! እጅህን ይባርከው!» ይለኛል። ጡረተኛው አቶ ግርማ መነጽራቸውን ሰክተው ለረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ «በጥንካሬ የሚታይ ነው፤ ድክመት አላገኘሁበትም» አሉ። እኔ ግን አንድ ነገር እንዳልሆነለት ይሰማኛል። ምን እንደሆነ ነው የጠፋኝ።

ከበላያችን ፎቅ የሚኖሩት እትዬ አስካለ ከሁሉም በላይ ያመሰገኑኝ ሴት ናቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ መጥተው ተቀመጡና ሥዕሉን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ተመልሰው ሥዕሉን አዩ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር እውነት ያንተ ነው?»

አፈርኩ። «ኧረ የጓደኛዬ ነው። ብስራተ ገብርኤል ነው የሚኖረው፤ ቤቱ ጠቦት እኔ ጋ አስቀመጠው» አልኳቸው።

«ኡፍ! ተመስገን!» ብለው ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው ተደላደሉ። «ያንተ መስሎኝ ስንት ቀን ስጨነቅ ከረምኩ! ምን ሆኖ ነው ግን ሰውዬው? ሚስት የለውም አይደል?»

«እንዴት አወቁ?»

«ሚስት ያለው ሰው ዝገት ቤት ያስገባል?»

ወጥ ቤት የነበረችውን ምሕረትን ሳል ያዛት።

ከዚያ በኋላ ለመጣው ሁሉ የጓደኛዬ ነው ማለት ያዝኩ። ምን ልበላችሁ፣ የታሰረ አንደበት ሁሉ ተፈታ! እነዚያው «ያምራል» ባዮች «መጀመሪያውንም ደስ አላለኝም ነበር» አሉ። አቶ ግርማ ሳይቀሩ «የአመለካከት ችግር አለበት» ብለው ፈረዱ። በርግጥ አብዛኛው ሐሜት ስለ ሥዕሉ ሳይሆን ስለ ሰውዬው ነበር፤ ይጠጣል፣ እናቱን አይጠይቅም፣ ከዘመድ ተቆራርጧል። ቢሆንም መሐል መሐል ላይ ለእኔ የሚሆን ነገር ጠብ ይላል። ሁሉ ነገር ባንዴ ይጮኻል ይላሉ፤ ቆርቆሮው ሌላውን አላስተነፍስ አለ ይላሉ። እኔ እሱን እለቅማለሁ።

እንግዳ ሲወጣ ምሕረት ሥዕሉን ሁለት ወንበር ላይ ታጋድምልኛለች፤ እኔ ቢላዬን አነሣለሁ። ቆርቆሮውን ብነቅለው ከሥሩ የቀረው የዝገት እድፍ ከራሱ ከቆርቆሮው በለጠ፤ እድፉን እንዳለ ተውኩት። የከረጢቱን ወረቀት በውሃ አርሼ ብፍቀው ግራጫ ሆኖ ሞተብኝ፤ በሌላ ሸፈንኩት። ጀሶ በጥብጬ ደፋሁበት፤ ወፍሮ ኖሮ ሲደርቅ ተሰነጣጠቀ። ተናድጄ ላነሣው ስል፣ ስንጥቁ እኔ ስጠበብ ካሰመርኩት መስመር ሁሉ የተሻለ ሆኖ አየሁት። ሥዕሉ ለምን እንደሚለዋወጥ ለጠየቁኝ «ጠዋት ጠዋት እየመጣ ያስተካክለዋል» አልኩ። እትዬ አስካለ አዘኑለትና አንድ ቀን ድፎ ዳቦ ላኩለት። በላሁለት።

እየቆየ እኔም አብሬ ማማት ጀመርኩ።

«ይቺን ጥግ ለምንድን ነው እንዲህ ያጨናነቃት?» አሉኝ አንድ ቀን እትዬ አስካለ።

«ፈሪ ስለሆነ ነዋ! ባዶ ቦታ ከተወ ሰው አይችልም የሚለው ይመስለዋል። ስለዚህ የሚያውቀውን ሁሉ እዚያች ጥግ አራገፈው።»

«ምስኪን» አሉ።

ከአፌ ካወጣሁት በኋላ ደነገጥኩ። በራሴ ስም ብጠየቅ ሞቼ አልናገረውም ነበር። ሰውዬው ግን ሌላ ነው፤ ብስራተ ገብርኤል ነው የሚኖረው፤ ስለ እሱ የማላውቀው የለም። አዘንኩ፣ ለእሱም ለእኔም። በማግስቱ ከዚያች ጥግ ሽቦውንም፣ አሸዋውንም፣ ወርቃማ ቀለሙንም ልጬ አነሣሁ። ባዶ አቡጀዲ ቀረ። እጄ ቀለም ካላነሣሁ እያለ አስቸገረኝ፤ ከለከልኩት። ሥዕሉ ያን ቀን አለቀ።

እግሬ ዳነና ጓደኞቼ መኪና ይዘው ሥዕሉን ሊወስዱ መጡ። ከመውጣቱ በፊት ከታች ስሜን ስጽፍበት እትዬ አስካለ «እንኳን እግዜር ማረህ» ሊሉኝ ገቡ። ብሩሹን አዩ። ስሜን አነበቡ። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«በማን ሥራ ላይ ነው ስምህን የምትጽፈው?» አሉኝ፤ ጓደኞቼ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያ ምስኪን ሚስት የለው፣ ዘመድ የለው፤ ያለው ይሄው ብቻ ነው። እዚህ ቁጭ ብዬ ከቀን ቀን ሲያምርለት አይቻለሁ። ቤቴ ገብቼ እንኳ ከዓይኔ አልጠፋ ብሎኛል። ይሄን የመሰለ ሥራ ትሰርቀዋለህ? አላፈርክም?»

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ግን ብነግራቸው፣ የሥዕሉ ባለቤት ፊት ተቀምጠው ሲያሙት መክረማቸው ይገባቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ ዓይኔን አያዩም። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ወዲያው «ውይ ልጄ፣ ድሮም ወድጄው ነበር እኮ!» ማለታቸው አይቀርም፤ አሁን የሰማሁት ሁሉ ከንቱ ሊሆንብኝ ነው። አፌን መልሼ ዘጋሁና አንገቴን ደፋሁ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ እትዬ አስካለ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላምታዬን በግማሽ ነው የሚቀበሉኝ፤ ወሬው አቶ ግርማም ዘንድ ደርሷል። ምሕረት «ኧረ ንገራቸው፣ ሌባ ተባልክ እኮ!» እያለች ትጨቀጭቀኛለች። እነግራቸዋለሁ። ትንሽ ልሰንብትበት እንጂ፤ ሌባ መባል እንዲህ ደስ እንደሚል ማን ነግሮኝ?