«ኒድ» በአማርኛ ምንድን ነው?

እንግሊዝኛ ስስታም ቋንቋ ነው! አትቆጡኝ፤ የማስተምረው እኔ ስለሆንኩ ማማቱም የኔ መብት ነው። አንዲቱን ቃል እንደ አንድ ጋቢ ለሰርግም፣ ለለቅሶም፣ ለመኝታም ይደርቧታል። ክፍል ውስጥ ሲሆን ችግር የለውም። ሰሌዳው ላይ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያልኩ ትርጉሟን እደረድራለሁ፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ ደወል ይደወላል። ከክፍል ውጭ ስትገጥማችሁ ግን... እስቲ የደረሰብኝን ስሙ።

ድርቁ የቆቦን ሜዳ ካነደደው ወዲህ ተማሪዎቼ ከቀን ወደ ቀን እየሳሱ ሄዱ። ምሳዬን ከቀሩት ጋር ስለምካፈል ለቀበቶዬ በምስማር አዲስ ቀዳዳ አውጥቼለታለሁ፤ እሱን ተዉት። የባሰብኝ የማስረዳው ሰው ማጣቴ ነበር። እኔ ካላስረዳሁ ያመኛል! እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ከእርዳታ ሰዎች ጋር የመጣች አንዲት ፈረንጅ ነርስ አስተርጓሚ ፈለገች። በየመንደሩ እየዞረች ሰዉን ትጠይቃለች፤ በማግስቱ ስንዴ የጫነው መኪና የሚሄደው እሷ ወደጠቆመችው መንደር ነው።

«ነገ ሮቢት አጠገብ ወዳለ አንድ መንደር እንሄዳለን» አለችኝ። «የምጠይቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ‹ኒድ› ያላቸው ምንድን ነው?»

ኒድ! ወዲያው መዝገበ ቃላቴን ገለጥኩ። አንደኛ፣ ፍላጎት። ሁለተኛ፣ ችግር። ሦስተኛ፣ ጉድለት። አራተኛ፣ የግድ ማስፈለግ። አሁን እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ትመርጣላችሁ? «ፍላጎታችሁ ምንድን ነው?» ብል ጨርቅ ላማርጣቸው የመጣሁ ነጋዴ እመስላለሁ። «ችግራችሁ ምንድን ነው?» ብል ዳኛ እመስላለሁ። «ምን ጎደላችሁ?» ብል ደግሞ የኮበለለ ልጁን የሚቆጣ አባት ልሆን ነው! ሳወጣ ሳወርድ ውዬ «ምን ያስፈልጋችኋል?» የምትለዋን መረጥኩና ኮርቼ ተኛሁ።

መንደሩ ስንደርስ ሰዉ ያለውን ንጹሕ ልብስ ለብሶ ግራሩ ሥር ይጠብቀናል። አልጋ የያዙትን ጓዳ አስተኝተው፣ የቆመው ብቻ ነው የወጣው። የመንደሩ ሽማግሌ ሼህ እንድሪስ ነርሷን በምርቃት ተቀበሏት። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ ያጠናሁትን ለቀቅኩት።

«ምን ያስፈልጋችኋል?»

«አልሐምዱሊላህ! ምንም።»

ቃሉ ነው ያልያዘው አልኩና ወደ ሌላው ዞርኩ። «ምን ጎደላችሁ?»

«እንግዳ መጥቶልን ምን ይጎድለናል?»

«እሺ... የቸገራችሁ ነገር የለም?»

«የቸገርከንስ አንተ ነህ መምህር!» አሉ እማ ዘሃራ የሚባሉ አሮጊት ከኋላ። «ሰው ሳይቀመጥ፣ ሳይቀምስ ጥያቄ! እናትህ እንዲህ ነው ያሳደጉህ?»

ሳቁብኝ። ወዲያው በትንሽ ሰፌድ የማሽላ ቆሎ መጣ። ነርሷ ዘግና ቃመችና ፊቷ በራ። እኔም ቃምኩ... ጭስ ጭስ ይላል። የገበሬ ልጅ ነኝና አልጠፋኝም። ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ፣ ጭስ እየጠጣ የሚከርመው የዘር ማሽላ ነው። በእጄ የቀረውን ቀስ ብዬ ወደ ሰፌዱ መለስኩ።

«ግሩም ነው!» አለች ነርሷ። «እህል አላቸው ማለት ነው። ወደ ጎብዬ እንለፍ።»

«የለም፣ የለም! ለእንግዳ ብለው ነው...» ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ።

«ምንም አያስፈልገንም ያሉት ራሳቸው ናቸው። ያላሉኝን ብዬ መኪና ማስመጣት አልችልም» ብላ ቦርሳዋን አነሳች።

ይታያችሁ! ትርጉሜ እንከን የለበትም፤ ስንዴው ግን መንደሩን አልፎ ሊሄድ ነው። የዚህ አገር ሰው ደግሞ በእንግዳ ፊት «አጣሁ» ከሚል ምላሱን ቢነቅሉት ይመርጣል።

ሼህ እንድሪስ እጃቸውን አነሱ። «እንግዳ ሳይመረቅ አይሄድም። ዱዓ እናድርግ!» ሰዉ ሁሉ መዳፉን ዘረጋ፤ ነርሷም ሰው አይታ ዘረጋች።

«ያ ረብ! እንግዶቻችንን በሰላም አግባልን!»

«አሚን!»

አፌ ለምዶበት በጆሮዋ ተረጎምኩላት።

«ያ ረብ! ዝናብህን መልስልን! በየጓዳው የወደቁትን አንሳልን! ዛሬ የቆላነው የመጨረሻው ዘራችን መሆኑን አንተ ታውቃለህ!»

«አሚን!»

ይህንንም ተረጎምኩ። ነርሷ ማኘኳን አቆመች። ሼሁ አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው ሹክሹክታዬን አዩ። አሁን ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ መልሰው ጨፈኑና... ዱዓውን ቀስ አደረጉት! አንዲት ነገር ይሉና ይጠብቁኛል። ስጨርስ ይቀጥላሉ። አላህ አስተርጓሚ የሚጠብቅ ይመስል!

እማ ዘሃራ ተቀበሏቸው። «ያ አላህ! ወንዝ ማዶ ያሉትንም አትርሳብን! መኪና እስከዚህ ግራር ድረስ ይገባል፤ ድልድዩ ግን ከባድ ጭነት አይችልም!»

«አሚን!»

«የትኛው ድልድይ?» አለች ነርሷ። እኔም ለሰዉ ጥያቄዋን ደገምኩ። ሼህ እንድሪስ ወደ እኛ ዘወር እንኳ አላሉም፤ ፊታቸውን ወደ ሰማይ እንዳቀኑ መለሱ፦

«ያ ረብ! በስተግራ ያለው ድልድይ!»

«አሚን!» አለች ነርሷ፣ ከሁሉም ቀድማ።

በማግስቱ መኪናው በስተቀኝ ዞሮ ግራሩ ሥር ቆመ። ከስንዴው ጋር ለዘር የሚሆን ማሽላ ጭምር ነበረበት። ሼህ እንድሪስ ትከሻዬን መታ አደረጉና «አየህ መምህር፣ እኛ ለሰው አንዲት ቃል አልተነፈስንም» አሉኝ።

ጆንያው ወርዶ ሲያልቅ ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ? አንተ ምን ያስፈልግሃል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «ምንም!»

ፊቴን አየች። ቀጥላ ቀበቶዬን አየች። ከዚያ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ ሁለት መዳፏን ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፈነች።

እንግዲህ ምን ይደረጋል? ለእሷ አይደለም፣ ለፈጣሪ ነው። እኔም መዳፌን ዘረጋሁ።

«ጌታ ሆይ!» አልኩ፣ ቀስ ብዬ፣ በእንግሊዝኛ። «አንደኛ...»