የጋሽ ይቺን-ብቻ አስቸኳይ ደብዳቤ

ቢሮ የተባለ ሁሉ የቆመው በሲሚንቶ አይደለም፤ «ይቺን ብቻ ልጨርስ» በሚል አንድ ሰው ጫንቃ ላይ ነው። እናንተም ዘንድ አንድ አለ። ከሌለ ራሳችሁን ጠርጥሩ።

የእኛው መዝገብ ቤት ነው የሚሠሩት፤ እኔ ከጎናቸው የተቀመጥኩ ጸሐፊ ነኝ። ዕድሜና ሥራ ያከበራቸው፣ የማህደር ሁሉ አባት፣ ክቡር ጋሽ ይቺን-ብቻ! ምሳ እንውጣ ሲሏቸው «ይቺን ብቻ»። ቤት ይግቡ ሲሏቸው «ይቺን ብቻ»። የልጃቸው ምርቃት ላይ የደረሱት ተመራቂዎቹ ጋዋናቸውን መልሰው ከሄዱ በኋላ ነው። ልጅቷ ከአባቷ ጋር ፎቶ ለመነሳት ጋዋን ፍለጋ ስትሯሯጥ ዋለች።

ስለ እሳቸው ሳወራ ደሜ ይፈላል። ከአሥር ዓመት በፊት ስቀጠር እንደ ጦር ቀጥ ያሉ ሰው ነበሩ። በሦስተኛው ዓመት ጨጓራ ጀመራቸው። በአምስተኛው አንገታቸው አልዞር አለ፤ ሲጠሯቸው ከነወንበራቸው ይዞራሉ። ቀጥሎ እንቅልፍ ጥሏቸው ሄደ። «ኧረ ሐኪም ይይዎት ጋሼ!» ስላቸው፣ «ተወኝ ልጄ፣ አንገቴ የወንበሩ ጣጣ ነው» ይሉኛል። ጨጓራው የሻዩ፣ እንቅልፍ ማጣቱ የጎረቤት ውሻ ጥፋት ነው። ሥራው ብቻ ነጻ! የእኔን ጨጓራ የላጠው ማን እንደሆነ ግን አልጠየቁኝም።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዳይሆን ዋናውን ጥፋተኛ ልንገራችሁ። «አስቸኳይ» የሚል ቀይ ማኅተም ነው። አለቃችን እሱን የማይመቱበት ወረቀት የለም። የቢሯቸው መጋረጃ ይቀየር፣ አስቸኳይ። የተቀየረው መጋረጃ ቀለሙ አልተወደደም፣ አስቸኳይ። ጋሼ ታዲያ ምን ያድርጉ? እያንዳንዱን መዝግበው፣ ቁጥር ሰጥተው፣ ከክምሩ ሥር ያስገቡታል። «አስቸኳይ ከአስቸኳይ አይበልጥም፤ ተራውን ይጠብቅ» ይላሉ። የሦስት ሰው ሥራ ነው። ሁለቱ ጡረታ ሲወጡ በምትካቸው ማንም አልተቀጠረም። ለጋሼ ግን «የዓመቱ ታታሪ ሠራተኛ» የሚል ወረቀት ተሰጣቸው። እሱንም ማህደር ውስጥ አስገቡት።

ከወር በፊት ማህደር ይዘው መሰላል ላይ ሳሉ ዓይናቸው ጨለመባቸውና ወደቁ። ደግፌ ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ሐኪሟ ግፊታቸውን ለካች፣ ደግማ ለካች።

«አባባ፣ ይሄ የዛሬ ድካም አይደለም። ለዓመታት ሲጠራቀም የኖረ ነው። ልብዎም ኩላሊትዎም ሆስፒታል መታየት አለበት። ዛሬ ነገ እንዳይሉ!» ብላ ደብዳቤ ጻፈችላቸው።

አለቃችን ይህን ሲሰሙ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «መውደቁስ ይሁን፤ ይዘውት የነበረው ማህደር የት ገባ?»

ሦስት ሳምንት አለፈ። «ሆስፒታል ሄዱ?» ስላቸው «በሂደት ላይ ነው» ይሉኛል። አንድ ጠዋት ደብዳቤ ፍለጋ ክምሩን ሳገላብጥ የሐኪሟን ወረቀት አገኘሁት። ዳር ላይ በእጇ «አስቸኳይ» ብላበታለች። ጋሼ መዝግበውታል። ቁጥር ሰጥተውታል። ከበላዩ አርባ ሦስት ደብዳቤ ነበር።

ጮህኩ። በአባቴ ዕድሜ ባለ ሰው ላይ ጮህኩ። «ይሄ እኮ ልብዎ ነው! ልብዎን ነው ወረፋ ያስያዙት!»

«አስቸኳይ ይላል» አሉ ግራ ገብቷቸው። «ሌላውም አስቸኳይ ይላል። በምን ላስቀድመው ልጄ?»

አንጀቴን በሉት። መቀለዳቸው አልነበረም። በሠላሳ ዓመት ሥራ ውስጥ «ጋሼ፣ እርስዎ ይቀድማሉ» ያላቸው አንድ ሰው የለም፤ እኔንም ጨምሮ።

ምክር እንደማይሰሙ፣ ደብዳቤ ግን እንደሚያከብሩ አውቃለሁ። መጀመሪያ ባለቤታቸውን በስልክ ጠራሁ። ከዚያ ወረቀት ሳብኩና ጻፍኩ፦ «ጉዳዩ፦ አሁኑኑ ሆስፒታል ስለመሄድ። ግልባጭ፦ ለባለቤትዎ።»

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። «ቁጥር የለውም» አሉ።

ቁጥር ጻፍኩበት። ግልባጩ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ቀነሰ። «ለእሷ ደርሷታል?»

«በስልክ ደርሷቸዋል።»

«እንግዲያው ይቺን ብ...» ሲሉ ባለቤታቸው በሩ ላይ ብቅ አሉ። ጋሼ አፋቸውን ዘግተው ኮታቸውን አነሱ።

ኩላሊታቸው ተጎድቶ ተገኘ። ሐኪሞቹ «ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ» ብለው ቀሪውን ዋጡት። አሁን ግፊቱ ወርዷል፣ መድኃኒት ጀምረዋል፣ ሰኞ ወደ ሥራ ይመለሳሉ። ይህ ሁሉ ንዴቴ ስለምወዳቸው ነው። ግን አልነግራቸውም፤ ብነግራቸው መዝግበው ቁጥር ይሰጡታል።

ቀዩን ማኅተም ኪሴ ከትቼ ቤቴ ወስጄዋለሁ። አለቃችን ማኅተሙ ይፈለግ ብለው ደብዳቤ ጽፈዋል፤ ማኅተም ስለሌላቸው በእጃቸው «አስቸኳይ» ብለውበታል። ደርሶኛል። በጋሼ ወንበር ተቀምጬ መዝግቤዋለሁ። ተራውን ይጠብቅ።