በሽምግልና የወደቀ አውሮፕላን

ታደሰ በእድራችን ስብሰባ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ውሸታም ብሎኛል። ያልኩት ይህን ነው፤ እንደ ሄሊኮፕተር ተነስቶ እንደ አውሮፕላን የሚበረው የጦር አውሮፕላን አንድ ሞተሩ ቢጠፋ፣ ሌላው በክንፉ ውስጥ ባለው ዘንግ ሁለቱንም ፕሮፔለር ያዞራል።

«ይገለበጣል እንጂ! አንተ ደግሞ በሃምሳ ዓመትህ ፊደል ቆጥረህ!» አለኝ።

አስታራቂ የሚባል ፍጡር ገጥሟችሁ ያውቃል? በምንኖርበት በሊንደን ከተማ፣ አስታራቂያችን ጋሽ ደምሴ ቤት ለሽምግልና ተቀመጥን። ያነበብኩትን ወረቀት ሳወጣ ጋሽ ደምሴ፣ «ወረቀቱን ተወው ልጄ» አሉ። «አንተም ትንሽ ተው፣ እሱም ትንሽ ይተው። አውሮፕላኑ በግማሽ ጎኑ ይውደቅና ታረቁ።»

«ታዲያ እኔ ውሸታም ነኝ ወይስ አይደለሁም?»

«እሱንም ለሁለት ተካፈሉት።»

ግማሹን ይዤ፣ ምን እንደያዝኩ ሳይገባኝ፣ ታደሰን አቅፌ ሳምኩት። ጉዳዩ የተዘጋው ኅዳር ፲፪፣ የሚካኤል ዕለት ነው።