ጋሽ ቃሲም የመኪናዬን ሆድ ሲያዳምጡ

ያልጠየቅኸውን በሽታ የሚነግርህ ሰው የሌለበት አገር እስካሁን አላጋጠመኝም። ደሴም አለ፤ ደብረ ብርሃንም አለ። ሸዋ ሮቢት ላይ ግን፣ ሙቀቱ ስለሚያግዘው መሰለኝ፣ ይህ ፍጡር በደንብ በስሎ ይገኛል። የእኛው ክቡር ሐኪመ ብረት፣ መርምሮ የማይሳሳተው፣ ቢሳሳትም የማያምነው፣ ጋሽ ቃሲም ነበሩ።

ጋሽ ቃሲም አርባ ዓመት ግመል ጭነው ከአፋር በረሃ ጨው ሲያመላልሱ ኖረው ጉልበታቸው ሲደክም አረፉ። ያረፈው እግራቸው ነው እንጂ ምላሳቸው አይደለም። ግመል ሲታመም ጆሯቸውን ሆዱ ላይ ይለጥፋሉ፤ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ከዚያ «ሐሞቱ ነው» ይላሉ። ግመሉ ከዳነ ያዳኑት እሳቸው ናቸው። ከሞተ ደግሞ «ዘግይታችሁ ጠራችሁኝ።» ጎረቤታችን እትዬ ከበቡሽ ጥርሷን ቢያማት ሐሞቷ ነበር። የነጋዴው የአብዱረሂም የግድግዳ ሰዓት የቆመውም በሐሞቱ ነው።

እኔ በዚያን ጊዜ አንዲት አሮጌ መኪና ነበረችኝ። ከጣሊያን ወረራ በፊት በጂቡቲ በኩል የገባች ናት፤ ከአጣዬ ማሽላና ሰው እያመላለስኩባት እናቴንና እህቴን እመቤትን ከነልጆቿ የማበላው በእሷ ነበር። ከኋላ፣ ከቤንዚኑ ማጠራቀሚያ፣ ከሰልባቲዮው አጠገብ፣ በባትሪ የምትሠራ የጣሳ ያህል ፓምፕ ተሰቅላለች። ጤነኛ ስትሆን ጠቅ ጠቅ ብላ ቤንዚኑን ትስብና ዝም ትላለች። ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ በግንቦት ሙቀት፣ ይህች ፓምፕ ምጣድ ላይ እንደሚቆላ ማሽላ መንጣጣት ጀመረች። ትንሽ እንደሄድን ጩኸቷ ይበረታና ሞተሩ ቀጥ ይላል። አንድ ሰዓት ካረፈች ደግሞ ምንም እንዳልነካት ትነሳለች።

ይህ የሆነው ደግሞ የሚሠራ መኪና ሁሉ ለጣሊያን ጦር ይወሰድ የሚል ትእዛዝ በወጣበት ሳምንት ነው። ቅዳሜ መጥተው ሊለቅሙ ነው። ያለኝ ዘዴ አንድ ብቻ ነበር፤ ከቅዳሜ በፊት ጠግኜ ማጀቴ ከተማ ባለው በአጎቴ የከብት በረት ውስጥ መደበቅ። መኪናዋ ከተወሰደች እመቤት ልጆቿን ምን ታበላለች?

ሰኞ ጠዋት ከመኪናዋ ስር ስወጣ ጋሽ ቃሲም ጆሯቸውን ከኋላዋ ለጥፈዋል።

«ሐሞቷ ፈሷል» አሉኝ።

«ጋሽ ቃሲም፣ መኪና ሐሞት የላትም።»

«ሆዷን ከፍተህ አይተሃል?»

«አላየሁም፤ ግን…»

«እንግዲያውስ!»

ማክሰኞ ሊያጥኗት ፍም በገል ይዘው መጡ። ቤንዚን አጠገብ! ፍሙን ነጥቄ እስከ ገበያው ሮጥኩ። ረቡዕ የፓምፗን ጫፍ ፈትቼ የነሐስ ጥርሷን ስጠርግ፣ ቧንቧዋን ሳጠብቅ፣ መፍቻ በፈለግሁ ቁጥር እሳቸው ተቀምጠውበት ነው። ወደ ቤት ምሳ ልበላ ስሄድ ቧንቧውንም ፓምፗንም የግመል ቁስል በሚቀባ በቆየ ቅቤ ለቀለቋት። ሐሙስ ሦስት የድሮ የጉዞ ጓደኞቻቸውን ጠርተው በየተራ አስደመጧቸው። ሦስቱም ተማክረው ሐሞቷ ነው አሉ። ዓርብ አለቀስኩ፤ አልደብቅም፤ ሽማግሌው ግን የልቅሶዬንም ምክንያት ነገሩኝ፤ የትኛው አካሌ እንደሆነ መገመት አያቅትም።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ እንዲሁ በእምነት አስነስቻት ወደ ማጀቴ ልወጣ ስል ጋሽ ቃሲም ከጎኔ ገብተው ተቀምጠዋል።

«በሽተኛ ብቻውን አይላክም፤ ወላሂ ነውር ነው» አሉ።

ሮቢ ወንዝ ዳር ስንደርስ ፓምፗ ተንጣጣች፤ ሞተሩ ቀጥ አለ። ስናርፍ፣ ስናስነሳ፣ መልሳ ስትቆም ፀሐይዋ ከፍ አለች። ያኔ የጣሊያኖቹ ካሚዮን መጥቶ ፊታችን ቆመ። ማርሻሎ የሚሉት አንድ መካኒክ ሹም፣ አንድ አስተርጓሚና ጠመንጃ የያዘ አስካሪ፣ ለጣሊያን ያደረ ወታደር፣ ወረዱ። አስተርጓሚው ከሰላምታ በፊት «ማጀቴ የተደበቁትን ሁለት መኪኖች ሐሙስ ለቅመናቸዋል» አለኝ።

ማርሻሎው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር። ጩኸቱን ሰማ፤ ቁልፉን ዘጋና እንደገና ከፈተ፤ ፓምፗን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሰልባቲዮው ክዳን እጁን ሰደደ። ጋሽ ቃሲም እጁን አፈፍ አድርገው ያዙት።

«ተው አንተ ልጅ! ሐሞት የፈሰሰው ሆድ አይከፈትም!»

አስካሪው ጠመንጃውን አቀባበለ። እኔ መሬቱ ቢውጠኝ በወደድኩ። አስተርጓሚው ላቡን ጠርጎ ተረጎመ። ማርሻሎው ሆድ ማለት የትኛው እንደሆነ ጠየቀ። መጠየቅ አልነበረበትም። ጋሽ ቃሲም ከግመል ጀመሩ። አርባውን ዓመት አንድም ሳይዘሉ፣ የግመሎቹን ስም ሁሉ እየጠሩ፣ ፀሐይ አናት ላይ እስክትቆም ወረዱበት። ማርሻሎው ሦስት ጊዜ ሊናገር ሞከረ፤ ሦስቱንም ጊዜ ክንዱን ያዝ አድርገው «ቆይ፣ ዋናው ገና ነው» አሉት። መሐል ላይ እጁን አሸተተ፤ ቅቤው በሙቀቱ ቀልጦ እስከ ክርኑ ወርዷል። ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞሮ ያየኝ አስተያየት የወራሪ አልነበረም፤ የመከራ ጓደኛ እንጂ።

«ስንት ቀን ሆነህ ከዚህ ሰውዬ ጋር?» ብሎ በአስተርጓሚው ጠየቀኝ።

«ዛሬ ስድስተኛዬ ነው» አልኩት።

ወረቀት አውጥቶ «አትረባም» ብሎ ጻፈ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ እንደሚያይ አስነገረና ሄዱ።

«አየህ? ፈረንጁ እንኳ አመነ!» አሉና ጋሽ ቃሲም ለቀትሩ የዙህር ሶላት ሊታጠቡ ወደ ወንዙ ወረዱ።

እኔ ማርሻሎው እጁን የሰደደበት ክዳን አሳሰበኝ። ከታመመች ወዲህ ቤንዚን ስላልጨመርኩባት ነክቼው አላውቅም፤ ልከፍተው ብል እምቢ አለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳየው ዙሪያውን፣ መተንፈሻ ቀዳዳውንም ጭምር፣ በሰም ተደፍኗል፤ የነጋዴ ግመል ላይ የሚጫን የቅቤ ቅል አፉ እንደሚደፈነው፣ በጥንቃቄ፣ በአውራ ጣት ተጠቅጥቆ። ያን አውራ ጣት አወቅሁት። ሽማግሌው ገና ሳትታመም የቤንዚኑ ሽታ ሲወጣ ቤንዚኑ የሚያልቅብኝ መስሏቸው አሽገውልኛል። በሰሙ ምክንያት ሰልባቲዮው አየር አጥቶ፣ ቤንዚኑም በሙቀቱ ተንኖ፣ ምስኪኗ ፓምፕ ባዶ እንፋሎት ስትስብ ነው ስትንጣጣ የከረመችው። ሰሙን ፍቄ ከፈትኩት፤ እፎይ ብላ ተነፈሰች። ቁልፉን ባዞር ጠቅ ጠቅ ብላ ዝም አለች። አጠፋኋት።

ደሜ ፈላ። በሽታውም ሐኪሙም አንድ ሰው! ሲመጡ የምላቸውን ሁሉ አዘጋጀሁ። ግን ጤነኛ ብትሆን ኖሮ ሐሙስ ዕለት ማጀቴ በረት ውስጥ ይለቅሟት ነበር። ይህን ሳስብ የተዘጋጀው ስድብ ከአፌ አልወጣ አለኝ።

ጋሽ ቃሲም ሰግደው ተመለሱ፤ ከጢማቸው ውኃ ይንጠባጠባል። ፊታቸው የታመመ ልጅ ደጅ ላይ የቆመ አባት ፊት ነው።

«ዱዓ አድርጌላታለሁ» አሉኝ። «ምን አገኘህባት?»

ሰሙን ጨብጬ ኪሴ ከተትኩት። እኚህን ሽማግሌ እንደምወዳቸው ያወቅሁት በዚያች ደቂቃ ነው፤ ማወቁም አናደደኝ።

«ምንም አላገኘሁም ጋሽ ቃሲም» አልኳቸው። «ያ ሰውዬ ተመልሶ ይመጣል። እባክዎ እስከዚያ ድረስ ከመኪናዬ አይለዩ።»