ጠበል የጠጣው ማጨጃ

እንቢተኛ ፍጥረት ሁሉ መገሠጫ አለው። በቅሎ እንቢ ስትል ልጓም ይጠብቅባታል፤ ተማሪ ዳዊት መድገም እንቢ ሲል አለንጋ ይታየዋል፤ ካህን እንኳ እንቢ ሲል ድርጎው ይዘገይበትና ልቡ ይመለሳል። ሞተር እንቢ ሲል ግን ምን ይደረጋል? ብትለምኑት አይሰማ፣ ብታወግዙት አይደነግጥ፣ በእርግጫ ብትመቱት የምታነክሱት እናንተ ናችሁ። በዜማና በቅኔ ያረጀ ሰው ስለ ሞተር ምን አገባው ትሉኝ ይሆናል። አያገባኝም ነበር። ያገባኝ ረኃብ ነው።

ንጉሡ ወርደው አብዮቱ በወጣበት ዘመን፣ ዝናቡ ከአገራችን ጋር ተኳርፎ ከርሞ፣ በመጣ ጊዜ ደግሞ እንዳልተጠራ እንግዳ አልሄድም አለ። የክረምት ረኃብ ከበጋው ይብሳል። እህሉ ገና ቡቃያ ነው፤ ሣሩ ግን ወገብ ይደርሳል፤ ምድሪቱ አረንጓዴ ለብሳ ሰው አመድ ይመስላል። ከወግዲና ከቆላው የወጣው ሕዝብ መካነ ሰላም ደርሶ፣ በአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ዳር በላስቲክ መጠለያ ተኮልኩሏል። የአቀስታ መንገድ በጭቃ ስለ ተዘጋ እህል የሚመጣው በሰማይ ብቻ ነው። መጣም። ፓይለቱ ሜዳውን ዞሮ ዞሮ ሣሩን አየና እህሉን እንደ ተሸከመ ተመለሰ። ሕዝቡ የአውሮፕላኑ ድምፅ ከጠፋ በኋላም አንገቱን አላወረደም። በሬዲዮ የተላከልን ቃል አጭር ነበር፦ ከነገ ወዲያ እመለሳለሁ፤ ሣሩ ካልታጨደ ግን አላርፍም።

ለማጨዱስ መኪና ነበረን። መንገዱ ሳይዘጋ ከደሴ የመጣ፣ አራት ጎማ ያለው፣ ከኋላ እጀታውን ይዘው የሚገፉት፣ ስለቱ ከሆዱ ሥር የሚሽከረከር ማጨጃ። የሚነዳው ሰይድ የሚባል የደሴ ልጅ ነው። አዛዡ ደግሞ ካድሬው ጓድ ሽፈራው። ሽፈራው በሕፃንነቱ እኔ ዘንድ ፊደል ቆጥሮ ዳዊት ደግሟል፤ ኋላ ግን እግዚአብሔር የለም የሚለውን ትምህርት በአንድ ክረምት አጠናቅቆ ተመለሰ። ዳዊቱ ዓመታት ፈጅቶበት ነበርና ክህደት ቀላል ትምህርት ሳይሆን አልቀረም። በሰው ፊት «ጓድ መምህር» ይለኛል፤ ለብቻችን ስንሆን «የኔታ»። እኔም በእርዳታው ኮሚቴ የሽማግሎች ወኪል ስለ ነበርሁ ከሥፍራው አልታጣም።

«ጓድ፣ ሣሩ ረዥምም እርጥብም ነው» አለ ሰይድ። «መጀመሪያ ስለቱን ከፍ አድርገን ጫፉን እንቁረጠው፤ ከዚያ ዝቅ አድርገን እንድገመው።»

«አብዮት በግማሽ አያጭድም!» አለ ሽፈራው። «ከሥሩ!»

ከሥሩ ሆነ። ማጨጃው ጥቂት እንደ ሄደ ድንጋይ አገኘና «ቋ!» አለ። ስለቱ ዶለዶመ። ከዚያ በኋላ ማጨዱን ትቶ ጥርስ እንደሌለው ሽማግሌ ያላምጥ ጀመር፤ እርጥቡ ሣር ሆዱ ውስጥ ተጠመጠመ፤ ጭስ ተፍቶ ቆመ። ሰይድ ገልብጦ ሣሩን መዘዘለት፤ ስለቱን በሞረድ ሳለለት፤ እሳት የሚጭርለትን ካንዴላ ነቅሎ ጥላሸቱን በሸሚዙ ጠረገለት። የማስነሻ ገመዱን ሲስብ ሞተሩ ማሕሌት ላይ እንዳደረ መሪጌታ ሁለት ጊዜ ሳለና ዝም አለ።

«ይህ አሻጥር ነው!» አለ ሽፈራው።

«ወላሂ ጓድ፣ ይህ ድንጋይ ነው» አለ ሰይድ።

«ነገ ጠዋት ካልተነሣ ትታሰራለህ።»

በማግሥቱ ከኪዳን ስወጣ ሽፈራው በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆሞ አገኘሁት። ግራ ቀኙን ገልመጥ አደረገ።

«የኔታ፣ ያ... ዓይነ ጥላ የሚያስለቅቀው ጠበል አለ?»

«ለማን ነው?»

«ለአንድ ታማሚ።»

«የክርስትና ስሙን ንገረኝና ልጸልይለት።»

ጥቂት አሰበ። «ገና አልተጠመቀም» አለኝ።

ያልተጠመቀው ታማሚ ማን እንደሆነ ገባኝና ሳቄን በጋቢዬ አፈንሁት። አንድ ጠርሙስ ሰጥቼ፣ «ከላይ ከላይ ብቻ ይረጫል» ብዬ አስጠነቀቅሁት። አብዮት ግን በግማሽ አያጭድም ብያችኋለሁ። አስጠጣው።

ሰይድ መጥቶ ገመዱን ቢስብ፣ ቢስብ፣ የትናንቱ ሳል እንኳ የለም። የቤንዚኑን ክዳን ከፍቶ አጎንብሶ አየና ጮኸ። «ያ ረቢ! ውሃ! ቤንዚኑ ውስጥ ውሃ ጨምረውበታል! ማነው?» ሽፈራው ሰማዩን ይመረምር ጀመር። እኔም አብሬው መረመርሁ። ሌላ ቤንዚን በከተማው አልነበረም። አሻጥር የሚለውም ቃል ከዚያች ሰዓት ወዲህ ከካድሬው አፍ ጠፋ።

ይህን ጊዜ ከወግዲ የመጣች አለሚቱ የምትባል ሴት፣ አንዱን ልጅ አዝላ ሌላውን አቅፋ፣ በመካከላችን ቆመች።

«ይህ ብረት ጥርስ እስኪያበቅል ልጆቼ ይጠብቁታል? ማጭድ የለም? ወይስ ወንዶቹም ቤንዚን አለቀባችሁ?»

ማጭድማ ነበረ። ገበሬ ሲሰደድ ማጭዱን አይጥልም። ግን አንድ ሽማግሌ፣ «የኔታ፣ ዛሬ እኮ ማርያም ናት» አለ። ሁሉም ዐይን ወደ እኔ ዞረ። በማርያም ዕለት ማጭድ ያነሣን ሰው ስንቱን እንደ ገዘትሁ ያውቃሉ።

«እርሷም ልጅ አሳድጋለች» አልሁ። «እጨዱ።»

ጋቢዬን ታጥቄ እኔም አጎነበስሁ። የተራበ ሰው አጨዳ ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም፤ ቆሞ መዋል ያቃተው ተቀምጦ አጨደ፤ መቀመጥ ያቃተው በክርኑ ተደግፎ አጨደ። መዶሻና ማጭድ በደረቱ የለጠፈው ሽፈራው የማጭድ አያያዝ ጠፋውና አለሚቱ አስተማረችው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሜዳው ተላጨ።

አውሮፕላኑ በነጋታው አረፈ። አለሚቱ ስንዴዋን በነጠላዋ ቋጠረች፤ ቋጥራ ሳትጨርስ ጥሬውን ለልጆቿ ታቃምስ ነበር። ከጆንያዎቹ ጋር ለማጨጃው አንድ ጀሪካን ቤንዚን ተልኮ መጥቶ ኖሮ፣ ሰይድ የቆየውን ከነጠበሉ መሬት ላይ ደፋ፤ ካርቡራተሩን አጠበ፤ ካንዴላውን አድርቆ መለሰ፤ አዲሱን ቀዳ። ገመዱን አንዴ ቢስበው ሞተሩ አገር እስኪሰማ ተነሣ። ሰው እልል አለ። የሚታጨድ አንድ ሰበዝ ሣር አልነበረም።

ሽፈራው ቀስ ብሎ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። ዐይኑ እንባ አቅርሯል።

«የኔታ፣ ዘግይቶም ቢሆን ሠራ።»

«ምኑ?»

«ጠበሉ ነዋ!»

ሞተሩ የተነሣው ጠበሉ ከተደፋ በኋላ መሆኑን ላስረዳው አፌን ከፈትሁ። ነገር ግን በማስተማር ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ያለ አማኝ አፍርቼ አላውቅም። መልሼ ዘጋሁት።