በተነከሰ ድንጋይ የመጣች ሙሽራ

ዛሬ ዛሬ ሰው ሁሉ በስልኩ ያበራል። ያብራ! ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ ወዳጄ፤ በስልክ መብራት ሚስት ያገኘ ሰው ታውቃለህ? እኔ በገዛ እጄ በሠራኋት ባትሪ አግኝቻለሁ። አልኮራም ብል እግዜር ይታዘበኛል።

ያኔ አርብ ገበያ የምትባል ከተማ እኖር ነበር። ፈንታነሽን ወደድሁና ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ አያ ምትኩ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ሽቦ ሲለቅም ለሚውል ልጄን አልሰጥም፤ ሞፈር ይዞ ይምጣ!» ሽማግሌዎቹ ተለማመጡ። እጁ ወርቅ ነው፣ ከቀርከሃ ባትሪ ይሠራል አሏቸው። እሳቸውም ሳቁና፣ እንግዲያው አርብ ይምጣና በእኔ የባትሪ ድንጋይ ያብራ፤ ካበራ ልጄን ይውሰድ፣ ካላበራ ደጄን እንዳይረግጥ ብለው ቁርጡን ነገሩ።

የእሳቸውን ድንጋይ አገር ያውቀዋል። አያ ምትኩ ሬዲዮ ነፍሳቸው ነው፤ ድንጋይ መግዛት ግን ሞታቸው። ሬዲዮው ሲዳከም ሁለቱን ድንጋዮች አውጥተው ፀሐይ ያሞቋቸዋል። ፀሐይ ያቃታት እንደሆነ በጥርሳቸው ይነክሷቸዋል። ጥርሳቸው ያላረፈበት ድንጋይ እቤታቸው አይገኝም።

የእኔ ልብ ደግሞ ሰማያዊዋ ላይ ነበር። ኤልኢዲ የምትባለውን፣ የባቄላ ፍሬ የማታህል አምፖል ታውቃታለህ አይደል? ከተሰበሩ ቴፖች የፈታኋቸው ሰማያዊም ቀይም ነበሩኝ። ሰማያዊዋ ስታምር! ግን ሆዳም ናት። ከጎረቤት በለመንኋቸው ሁለት የደከሙ ድንጋዮች ብሞክራት ዓይኗን አልገለጠችም። ተናደድሁና ሦስት አዲስ ሰጠኋት። ቦግ አለች፤ ወዲያው ሸተተችና ጠቆረች። አይ ጥጋብ!

ቀይዋን በነዚያው በደከሙት ሁለቱ ሞከርኋት። በራች! ለካ ቀይ ትንሽ ጉልበት ይበቃታል።

ጓደኛዬ ሞላ ግን ሲያያት ጮኸ። «አበድህ እንዴ? የመሸታ ቤት መብራት ይዘህ የሰው ልጅ ልትጠይቅ?»

እውነቱን ነው። በከተማው ቀይ አምፖል የሚንጠለጠለው የት እንደሆነ ማን ያጣዋል? ሌላ ሰማያዊ ብይዝ በደከመ ድንጋይ አትበራም፤ ቀይዋን ብይዝ ነውር። በየትኛውም ብሄድ ፈንታነሽን ላጣ ነው። ፈራሁ፣ ወዳጄ፤ በጣም ፈራሁ። በመጨረሻ ግን፣ ሳላበራ ከምባረር አብርቼ ልሰደብ አልሁና ቀይዋን አሰርኋት።

አርብ ሽማግሌዎቹን አስከትዬ ገባሁ። አያ ምትኩ ሁለቱን ድንጋዮች ሰጡኝ። የጥርሳቸው ምልክት ይታያል። በሩ ተዘጋ፤ ቤቱ ጨለመ። ድንጋዮቹን ቀርከሃው ውስጥ ከትቼ ማብሪያ ያደረግሁትን ቆርቆሮ ጫን አደረግሁት።

ጎታው፣ ግድግዳው፣ የሽማግሌው ሁሉ ጺም ቀላ። እሰይ የኔ እጅ!

አንዱ ሽማግሌ በስማም ብለው አማተቡ። ምነው፣ ይሄማ የጠጅ ቤት መብራት አይደለም ወይ አሉ። አያ ምትኩ ግን ድንጋዮቻቸውን እያሰቡ ቆጣ አሉ። «ዝም በሉ እስቲ! ያለ ወጪ የበራ ቀለሙ አይጠየቅም።»

ፈንታነሽ ከጓዳ ስትስቅ ሰማኋት። እንዲህ ያለ ድል ያየ ሰው እንዴት አይኮራ!

ሠርጉ ደረሰ። በኛ አገር የሙሽራዋ አባት ለልጆቹ መቋቋሚያ ከብት ይሰጣል። አማቼ ተነሡና፣ ይኼ ልጅ ከሞተ ነገር የሚበላ ባለሙያ ነው፣ ጊደር ምን ያደርግለታል ብለው አንድ እንቅብ አስመጡ። አፉ ድረስ የሞላው የተነከሰ ድንጋይ ነው!

እኔ አሁንም እኮራለሁ። ፈንታነሽ ግን ሌላ ሰው ላም ሲያልብ ባየች ቁጥር ወደኔ ዞር ትላለች።

«ምናለበት ያን ጊዜ ሞፈሩን ይዘህ ብትመጣ!»