የጋሽ ዳኜ አጓት

በየሰፈሩ ማንም ያልሾመው አንድ ፕሮፌሰር አይጠፋም። የሱሉልታውን ወንበር የያዙት ጋሽ ዳኜ ናቸው። ሃያ ዓመት ወተት መሰብሰቢያው በር ላይ ቆመው የገበሬውን ወተት ሲለኩ ኖረዋል፤ ውሃ የጨመረውን ሰው ከመለኪያው በፊት ከፊቱ ያነቡታል ይባላል። ከዚያ ወዲህ የማያውቁት ነገር የለም። የጨጓራን ነገርም የመብረቅን ጠባይም «በጥናት ተረጋግጧል» ብለው ይዘጉታል።

በ2008 ታኅሣሥ፣ በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ትምህርት ሲቋረጥ፣ የጎረቤታቸው ልጅ ሩቲ ከዩኒቨርሲቲ ተመለሰች። የምታጠናው ባዮኬሚስትሪ ነው። እናቷ ሙሉዬ የጡት ካንሰር ታማለች፤ ሦስተኛው ኬሞ ሐሙስ ነው፤ የአዲስ አበባው መንገድ ደግሞ በድንጋይ ተዘግቷል።

ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ ዳኜ አንድ ጀሪካን አጓት ተሸክመው ገቡ።

«አንቺ ልጅ፣ ወተት ውስጥ ያለ ፕሮቲን ከዘይት ጋር ሲጋባ የካንሰር ሴል ይገድላል ሲሉ በሬድዮ ሰማሁ። እውነት ነው ሐሰት?»

«እውነት ነው ጋሼ፣ ግን...»

«ግንን ተዪው! እንዴት ነው የሚጋቡት?»

ሩቲ ዓይን አፋር ናት፤ ይህን ጥያቄ ግን ራሷም ትወደዋለች። ፕሮቲኑ አጓቱ ውስጥ እንዳለ፣ ካልሲየሙ ሲወጣለት ቅርጹ እንደሚላላ፣ የወይራ ዘይት ውስጥ ካለ አሲድ ጋር ሲጣበቅ የታመመውን ሴል ገድሎ ጤነኛውን በአብዛኛው እንደሚተው አስረዳቻቸው። ይህም የታየው ላቦራቶሪ ውስጥ እንደሆነ፣ መድኃኒት ለመሆን ገና ብዙ እንደሚቀረው ጨመረች። ይህን ስትል እሳቸው ከሐሰን ሱቅ የወይራ ዘይት ሊገዙ ወጥተዋል።

ጾም ነው፣ መኪናም አያልፍም፤ ወተት በየቤቱ ተርፏል። ጋሽ ዳኜ ቀንና ሌሊት አፈሉ፣ በነጠላ አጠለሉ፣ በጠበጡ። በአጥሩ ላይ አንገታቸውን እያሰገጉ «ካልሲየሙ አልወጣ አለኝ፤ ምን ልበለው?» ይላሉ።

ረቡዕ ከሰዓት አንድ ብርጭቆ ቢጫ ነገር ይዘው መጡ። «ሙሉዬ፣ ባንድ ትንፋሽ!»

«ጾም ነው እኮ ጋሽ ዳኜ።»

ጋሽ ዳኜ ግንባራቸውን መቱ። ያን ሁሉ ወተት ያተረፈላቸውን ጾም ረስተውታል።

ሙሉዬ ግን ብርጭቆውን ተቀበለቻቸው። «ለበሽተኛ ይፈቀዳል። ይኼ ካዳነኝ ደግሞ የነገው ሆስፒታል ይቅርብኝ። ያንን መርፌ ጠልቼዋለሁ።»

ሩቲ ብርጭቆውን ልትቀማት እጇን ዘረጋች። ከእሷ በፊት ጋሽ ዳኜ ብርጭቆውን ነጠቁ፤ ግማሹ ጋቢያቸው ላይ ፈሰሰ።

«ይኼ... ይኼ አልተረጋገጠም። እኔ የማውቀው ወተት መለካት ነው፤ በቃ። ነገ ትሄጃለሽ!»

ሐሙስ ንጋት ላይ ጋሽ ዳኜ ወጣቶች ወደሚጠብቋቸው ድንጋዮች ቀድመው ደረሱ። «ኢጆሌ፣ ኑ ደበርሳ! አሳልፉን ልጆች፤ በሽተኛ ይዣለሁ።»

«ኦቦ ዳኜ፣ የአባቴን ወተት ስንቴ መለሱት?» አለ አንዱ ወጣት።

«ውሃ ነበረበታ!»

ወጣቶቹ ሳቁ፤ መንገድም ሰጡ። ታክሲ እስከሚገኝበት ድረስ ዳገቱን በእግር ወጡት። ጋሽ ዳኜ አራቴ እየቆሙ ኬሞ እንዴት እንደሚሠራ ለሙሉዬ አስረዱ። አንዱም ትክክል አልነበረም። ሩቲ ልታርማቸው አፏን ከፈተች፤ እናቷ ግን እየሳቀች ትራመድ ነበርና መልሳ ዘጋችው።